ልጃችሁ በትምህርት ቤት ጉዞ ሮም ሊሄድ ነው? መጀመሪያ ለገሃር ውሰዱት

ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ጋር ለታሪክ ጉብኝት ሮም ሊሄዱ ከሆነ ከበረራው በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አሳዩዋቸው። ጣልያን በወረራው ጊዜ ይሄንኑ አንበሳ ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፣ ያቆሙትም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው የዶጋሊ ሐውልት ስር ነው፣ ያ ሐውልት ደሞ ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ የቆመ ነው፣ ጀግናው ዘርዓይ ደረስም በ1930 ጣልያኖች ላይ ጎራዴውን የመዘዘው እዛው ነው። አንበሳው ቤቱ ገባ፣ ሐውልቱ ግን አሁንም እዛው አለ።

ብዙ ግሩፕ ኮሎሲየም ኮሎሲየም ሲል ያልፈዋል (ኮሎሲየም የትም አይሄድ!)፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ አስተማሪውን አናግሩት፣ ከተርሚኒ በእግር ትንሽ ነው፣ ቲኬት ምናምን የለውም። ልጁ ለገሃር የተነሳውን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ ይሂድና እዛ ቆሞ ለጓደኞቹ ያስረዳቸው። ጊዜ ከተረፋቸው ደሞ እስከ 1996 የአክሱም ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውን ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ይዩት። ኧረ የቪዛውን ነገር ረስቼ፣ የሁለታችሁንም የወላጅ ፈቃድ ደብዳቤ በጊዜ አዘጋጁ።