ሳይቆፍሩ መርዝ አይበትኑ፦ በጁን ባግ ቁጥጥር ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሰው ግቢ መንከባከብን መተዳደሪያዬ ካደረግሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ኦገስት ሲጋመስ ወገኖቻችን ደውለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሣራቸው እየደረቀ ስለሆነ የትል መድኃኒት ይዤ እንድመጣ። ትል የሚሉት በሜይና በጁን ምሽቶች ከበረንዳ መብራት ጋር ሲጋጭ የምናየው ጁን ባግ የተባለው ቡናማ ጥንዚዛ እጭ ነው። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን በሣር ሥር አፈር ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ነጭ፣ ራሱ ቡናማ የሆነና እንደ ግማሽ ቀለበት የተጠማዘዘ እጭ ደግሞ የሣሩን ሥር እየበላ ያድጋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሳይቆፍሩ መርዝ መበተን ነው። ይህን ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ። ሣር በድርቅ ይደርቃል፣ በፈንገስ ይደርቃል፣ በውሻ ሽንት ይደርቃል፤ ከመስኮት ሆኖ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚችል ሰው የለም። አንዲት እናት ሁለት በጋ ሙሉ ለትል መድኃኒት ከፍለው ነበር። «ልጄ፣ ገንዘቤ አለቀ፤ ትሉ ግን አላለቀም» ብለው ጠሩኝ። ስድስት ቦታ ቆፍረን ያገኘነው አንድ እጭ ብቻ ነው። ሣራቸውን የጨረሰው በየምሽቱ ውኃ በማጠጣታቸው የተስፋፋ ፈንገስ ነበር፤ ለሁለት ዓመት የተበተነው መርዝ ደግሞ ያለ ጥፋታቸው የአፈሩን ሕይወት ሲጎዳ ከርሟል። እባክዎ አካፋ ያንሱ። አረንጓዴውና የደረቀው ሣር በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በሦስት ጎን ይቁረጡ፣ ሣሩን ገልብጠው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈሩን ይበትኑና እጮቹን ይቁጠሩ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚነሳ ከሆነ ሥሩ ተበልቷል ማለት ነው። ቆጠራውን ሦስት አራት ቦታ ይድገሙት። በአንዱ ካሬ ከ5 በታች ካገኙ ጤነኛ ሣር ይችለዋል፤ ምንም አያድርጉ። ከ10 በላይ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ያስቡበት። የገለበጡትን ሣር መልሰው ውኃ ያጠጡት።

ሁለተኛው ስህተት እጩን ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ነው፤ ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ደንበኛ ሚልኪ ስፖር የተባለውን የባክቴሪያ ዱቄት በተንኩላቸው። ዱቄቱ የሚሠራው በጃፓን ጥንዚዛ እጭ ላይ ብቻ ሲሆን በግቢያቸው የነበረው ግን የጁን ባግ እጭ ነበር። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው፤ ሣራቸውን ግን በዚያ ዓመት መመለስ አልቻልኩም። ለመለየት የእጩን የመጨረሻ የሆድ ክፍል በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ የጁን ባግ ፀጉሮች እንደ ዚፕ በሁለት ትይዩ መስመር ይሰለፋሉ፣ የጃፓን ጥንዚዛዎቹ ግን አጭር የ«ቪ» ቅርጽ ይሠራሉ። በጀርባው ተንጋልሎ የሚሳብ ወፍራም እጭ ካዩ ደግሞ አረንጓዴው የጁን ጥንዚዛ ነው፤ እሱ በይበልጥ የሚመገበው የበሰበሰ ነገር እንጂ ሥር ስላልሆነ በሣርዎ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አፈሩን በመቦርቦር ነው።

በፀደይ መርዝ መበተን በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው፤ በኤፕሪል የሚያገኙት እጭ ትልቅ ስለሆነ መርዙን ይቋቋማል። ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት ያለው አዲስ እጭ ትንሽ ነው፣ ለአፈሩ ገጽም ቅርብ ነው፣ በቀላሉም ይሞታል። ብዙዎቹ የጁን ባግ ዝርያዎች እድገታቸውን ለመጨረስ እስከ ሦስት ዓመት ስለሚወስድባቸው ዛሬ ሥር የሚበላው እጭ ካቻምና የተጣለ እንቁላል ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ጥንዚዛው በዛ ወይም አነሰ ብለው አይወስኑ።

ደረቁን መድኃኒት በትነው ውኃ ካላጠጡት ከሣሩ ላይ ይቀራል፤ እጩ ወዳለበት አይደርስም። እጩን የሚገድሉትን፣ ኔማቶድ የተባሉትን ደቃቃ ትሎች የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በማታ፣ በረጠበ አፈር ላይ ይርጩ፤ የቀትር ፀሐይ ይገድላቸዋል። ነጭ አበባ ያወጣ ማገጥ በሣሩ መካከል ካለ መርዝ ከመበተንዎ አስቀድመው ይጨዱት፣ ንቦች ከአበባው ይቀስማሉና። ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ ንብ የሚጎዱትን ኒዮኒኮቲኖይድ የተባሉ መድኃኒቶች ፈቃድ የሌለው የቤት ባለቤት በግቢው እንዳይጠቀም ከልክላለች፤ ከቨርጂኒያ ገዝተው የሚያመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ልክ አይደለም።

ፍልፈል ጓሮዎን ስለቆፈረ እጭ አለ ማለት አይደለም፤ የመሬት ትልም ይበላል።

ሣሩን ገልብጠው ጎመንና ቃሪያ ለሚተክሉ ወገኖች ግን አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አዲስ በተገለበጠ ሣር ላይ በመጀመሪያው ዓመት ድንች አይትከሉ። በሣሩ ሥር የነበረው እጭ ምግቡን ሲያጣ ድንቹን ይቦረቡረዋል። አፈሩን አገላብጠው ጥቂት ቀን ለወፎች ይተዉት፣ የታየዎትን እጭ በእጅዎ ይልቀሙ። ለሣር የተሠራውንም መርዝ፣ በዕቃው ላይ ለአትክልት እንደሚሆን ካልተጻፈ በስተቀር፣ ከሚበሉት ነገር አጠገብ አያድርሱት። የተጎዳውን ሣር ለመተካት ዘር የሚዘራው በሴፕቴምበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት እያስቀሩ ይጨዱት፣ ረጅም ሣር ሥሩም ጥልቅ ነው።