ለረጅም የበዓል ጉዞ መክሰስና መዝናኛ እንዴት ይዘጋጃል?

ለመንገድ ስንዘጋጅ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መጀመሪያው ሰዓት ነው። እሱ ግን ራሱን ይችላል። ሁሉም ሰው በደስታ ነው የሚነሳው፤ ልጆችም መስኮት ላይ ተለጥፈው ያያሉ። መንገድ የሚከብደው ከእኩሌታው በኋላ ነው። እግር ይደነዝዛል፣ ወሬ ያልቃል፣ የስልኩ ባትሪ ቀይ ይሆናል። ዝግጅታችን መሆን ያለበት ለዚያ ሰዓት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከሁለት ልጆቼ ጋር የ9 ሰዓት መንገድ በመኪና ስንጓዝ ነው። መክሰሱን በሙሉ አንድ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ለልጆቹ አቀበልኳቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ቸኮሌቱ ቀልጦ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ትንሹ ልጄ ታብሌት ላይ አፍጥጦ ሲበላ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ዞር ብዬ ሳየው ከንፈሩ ገርጥቷል፣ ግንባሩን አልቦታል። "እማዬ፣ ሆዴን…" ከማለቱ አስመለሰ። የቀረንን 8 ሰዓት የሚበላም የሚታይም ነገር ሳይኖረን ገፋነው።

1. ሰዓቱን አስሉ

በበዓል ሰሞን መንገድ ይጨናነቃል፣ በረራም ይዘገያል። ካርታው 6 ሰዓት ካለ የ8 ሰዓት ስንቅ ያዙ።

2. መክሰሱን ምረጡ

የእኔ መመዘኛ አራት ነው፦ የማይቀልጥ፣ የማይፈረፈር፣ የማይሸት፣ ሹካ የማይፈልግ። ጨው የሌለው ለውዝ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ፖም፣ ካሮትና ዳቦ ጥሩ ናቸው። ጨው የበዛበት ነገር ውሃ ያስጠማል፤ ውሃው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ያስኬዳል። ሙዝ ልጆች ይወዱታል፣ ግን ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ካልተቀመጠ ይጨፈለቃል። ቸኮሌትን ሙቀት ባለበት ቀን ተዉት። 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል።

ሥጋ፣ አይብ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ከያዛችሁ ከቅዝቃዜ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆዩ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ አይሆንም። ለማቀዝቀዣ ተብሎ የተለየ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ሩብ ያህል አጉድላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ሙሉው ይሰነጠቃል። ጠርሙሱ ጠዋት ምግቡን ያቀዘቅዝላችኋል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ትጠጡታላችሁ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ድፍን ለውዝ፣ ደረቅ ከረሜላና ፈንዲሻ አትስጡ። ወይን ከሆነ በቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጥ። ልጅ ምግብ ሲያንቀው ድምፅ ላያወጣ ይችላል፤ ሹፌሩም ከኋላው ያለውን አያይም።

3. ከፋፍሉት

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ከመነሻችን ቀን በፊት ማታ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለእያንዳንዱ ልጅ ትንንሽ ከረጢቶች እሞላለሁ፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል አንድ ከረጢት። በእያንዳንዱ ውስጥ ሆድ የሚይዝ፣ ለአፍ የሚጥምና እጅ የሚያሠራ ነገር ይገባል። ለምሳሌ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ጭብጥ ዘቢብ፣ አንድ ገጽ ስቲከር። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። በጣም የሚወዱትን የማስገባው በመጨረሻዎቹ ሁለት ከረጢቶች ነው። አዲስ መጫወቻ ካለ በወረቀት ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው፤ መፍታቱ ራሱ አንድ ሥራ ይሆናቸዋል።

መከፋፈሉ ብቻ ግን አይበቃም። በሁለተኛው ጉዟችን ከረጢቶቹ ተዘጋጅተው ነበር፤ መቼ እንደሚከፈቱ ግን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ትንሹ አለቀሰ፣ 2 ቁጥርን ሰጠሁት። ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና አለቀሰ፣ 3 ቁጥርን ሰጠሁት። ለቅሶ ከረጢት እንደሚያስከፍት ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በዚያ ቀን የመጨረሻው ከረጢት ባዶ የሆነው ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ነው።

አሁን ከመነሳታችን በፊት ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። የምንቀጥረው በሰዓት ሳይሆን በመቆሚያ ነው፦ "ቀጥሎ ወርደን፣ ተንቀሳቅሰን ስንመለስ 2 ቁጥር ይከፈታል።" ትንሽ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም፤ መኪና ሲቆም ግን ያውቃል። በመሃል "ራበኝ" ካለ መጀመሪያ ውሃ እሰጠዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ርቦት ሳይሆን ሰልችቶት ነው። እውነት ከራበው ሁሌም የሚፈቀድ ዳቦ ከፊት አለ፤ ልጅ በረሃብ እንዲቀጣ አልፈልግም።

ከረጢቶቹ የሚቀመጡት ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን በተቀመጠው ሰው እግር ሥር ነው። ሻንጣ ሥር የተቀበረ መክሰስ ቤት እንደቀረ ቁጠሩት። የሹፌሩን ድርሻም አትርሱ፤ የሚበላው ግን ሲቆም ነው። 2 ሰዓት ሳታልፉ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ቁሙ።

4. መዝናኛውን ቤት ሆናችሁ ሞክሩት

ፊልም ማውረድ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው መሞከሩን ነው። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ያወረዳችሁትን እያንዳንዱን ለአንድ ደቂቃ አጫውቱ። አንዳንድ አፕ የወረደውን ለመክፈት እንኳ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ አንዳንዱም ጊዜው ካለፈ አይከፍትም።

በመኪና ከሆነ ግን እኔ ከምስል ይልቅ ድምፅ እመርጣለሁ። ምክንያቱም ሳሎን ውስጥ የማይታየው ችግር እዚያ ይመጣል። መኪናው ሲጠማዘዝ የውስጠኛው ጆሯችን እንቅስቃሴውን ይሰማዋል፤ ዓይን ግን ያልተንቀሳቀሰ ስክሪን ወይም መጽሐፍ ያያል። አንጎል የሚደርሰው መልእክት ሲጋጭ ማጥወልወል ይጀምራል። በተለይ ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ልጁ ዝም ካለና ካዛጋ፣ ፊቱም ከገረጣ ታብሌቱን ወዲያው ተቀበሉት። ሩቅ ያለውን ተራራ ወይም የሰማዩን ጥግ እንዲያይ አድርጉ፣ መስኮቱን ክፈቱለት። ቅባት የበዛበት ምግብም ከመነሳት በፊት አይሁን።

ተረትና ዘፈን ዓይን አያስተክሉም፣ ስለዚህ ወደ ውጭ እያዩ ይሰማሉ። እኛ ቤት ግን ሁሉንም የሚያሸንፈው ምንም ዕቃ የማይፈልገው ጨዋታ ነው። አንዱ "መንገድ" ይላል። ቀጣዩ በመጨረሻው ፊደል ቤተሰብ የሚጀምር ቃል ያመጣል፦ "ደመና"። ከዚያ "ናፍቆት"፣ ከዚያ "ትራስ"፣ ከዚያ "ሰማይ"። እዚያ ላይ ትንሹ ልጄ ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ "የ… ዩ… ዪ…" እያለ ፊደሉን አንድ በአንድ ይቆጥራል። "የብስ!" ሲል ታላቁ ፍቺውን ይጠይቀዋል፣ ስለ ባሕርና መሬት ሌላ ወሬ ይጀመራል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ይሄዳል።

5. ቻርጅ

ሁሉም ነገር ማታ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ። ለየልጁ አንዳንድ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ አንዱን ለሁለት ማካፈል የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ድምፁን የሚገድብ የልጆች ማዳመጫ ገንዘቡን ያወጣል።

6. በአውሮፕላን ከሆነ

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። የተለመደው የባትሪ አቅም ገደብ 100 ዋት-ሰዓት (Wh) ነው፤ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓቱ (mAh) 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። በብዙ አየር ማረፊያዎች ፈሳሽ ከ100 ሚሊሊትር በላይ አያልፍም፤ እርጎ፣ ማርማላታና የለውዝ ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ባዶ የውሃ ዕቃ ይዛችሁ ከፍተሻ በኋላ ሙሉት። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮ እንዳያም ልጁ የሚውጠው ነገር ያግኝ፤ ሕፃን ከሆነ ጡት ወይም ጡጦ።

7. የቀረው

ሶፍት፣ የቆሻሻ ፌስታል፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ሁሉም እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ከረጢቶቹን ስትሞሉ ለየልጁ ሁለት ሁለት ትርፍ አድርጉና ሻንጣ ውስጥ አስቀምጧቸው። ቸኩላችሁ በምትመለሱበት ቀን ጠዋት እንደገና ለማዘጋጀት ጊዜ አይኖራችሁም። ደረቅ ነገር ብቻ ይግባባቸው።