ሴፍቲ ቤልት ልካችሁ የሚሆነው መቼ ነው?

ሴፍቲ ቤልት የምለው ከፍታ ላይ ስንሠራ ትከሻ፣ ደረትና ጭን ላይ የሚታሰረውን፣ ስንወድቅ የሚይዘንን መታጠቂያ ነው። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ ሆኜ ልክ ያደረግሁት ቤልት፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ልክ አይሆነኝም። የጦሳ ተራራ ብርድ ወፍራም ጃኬት ያስለብሳል። ጃኬት ሲደረብ ማሰሪያው ይጠባል፣ ትከሻ ይይዛል። ማታ ቆላ ወርጄ ጃኬቱን ሳወልቅ ደግሞ ያው ቤልት ይላላል። የቴሌኮም ታወር ላይ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ለጀማሪ ልጆች መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ቤልት አንዴ ተለክቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በለበሳችሁት ቁጥር ይለካል።

እኔ የተማርኩት ወድቄ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት የጓደኛዬን ቤልት ተውሼ ወጣሁ። እሱ ከኔ ይወፍራል። ቸኩለን ስለነበር የጭኑን ማሰሪያ በእሱ ልክ እንደተተወ ለበስኩት። እግሬ አዳለጠኝና ሁለት ሜትር ያህል ወርጄ ገመዱ ያዘኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ያዘኝ። ነገር ግን የላላው ማሰሪያ ተንሸራቶ ብሽሽቴ ውስጥ ገባ፤ የደረቱ ደግሞ ወደ አንገቴ ወጣ። ጓደኞቼ እስኪያወርዱኝ እግሬ ደንዝዞ የኔ አልመስል አለኝ። ሁለት ሳምንት በወጉ መራመድ አልቻልኩም። አባቴ በወጣትነቱ የባቲን ሰኞ ገበያ በበቅሎ ጭነት የሚመላለስ ሰው ነበር። ሊጠይቀኝ መጥቶ ቁስሉን ሲያይ፣ «ልጄ፣ በቅሎን የሚልጣት እኮ የላላ ጭነት ነው» አለኝ።

እንግዲህ ከመጠኑ እንጀምር። ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። የአንዱ አምራች ሚዲየም የሌላው ላርጅ ሊሆን ይችላል። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱና ሦስት ቦታ ተለኩ፦ ደረታችሁን ዙሪያውን፣ ጭናችሁን ከላይ በኩል፣ ከዚያ ከትከሻ ተነስቶ በፊት ወርዶ፣ በእግር መሃል አልፎ፣ በጀርባ ተመልሶ እዚያው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቁመቱ እኩል የሆነ ሁለት ሰው አንዱ እግሩ፣ ሌላው ወገቡ ረጅም ሊሆን ይችላልና ቁመት ብቻውን አይበቃም። ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችም ጭንቀታቸው ይኸው ነው። የእነሱ መታጠቂያ ከትከሻ እስከ ዳሌ ያለው ርዝመት ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ልክ ይሰፋል። የኛ በዘለበት ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ግን ዘለበቱም ዳርቻ አለው። ጠብቆ ካለቀ ወይም ላልቶ ካለቀ መጠኑ የናንተ አይደለም። ከተቆለፈ በኋላ የማሰሪያው ጫፍ ቢያንስ አራት ጣት ያህል ይትረፍ።

ክብደትም አለ። አንዳንዱ ቤልት እስከ 100 ኪሎ፣ አንዳንዱ እስከ 140 ኪሎ ይላል፤ መለያው ላይ ተጽፏል። የሚቆጠረው ከነልብሳችሁ፣ ከነመፍቻችሁ፣ ከነቦልታችሁ ነው። 92 ኪሎ የሆነ ሰው ዕቃ ሲታጠቅ 100ን ሊያልፍ ይችላል።

ስትለብሱ ገመዱ የሚያያዝበትን የጀርባውን ቀለበት ይዛችሁ አንጠልጥሉትና አራግፉት። ማሰሪያዎቹ በየቦታቸው ይወርዳሉ፣ የተጠማዘዘውም ይታያል። በዚያው ዓይናችሁን ስፌቱ ላይ ጣሉ። የተቆረጠ፣ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው፣ ፀሐይ አንጥቶ ያደረቀው ካለ አትልበሱት። የወደቀ ሰው ይዞ ያቆመ ቤልት ደግሞ ምንም ጤነኛ ቢመስል ሥራው አብቅቷል። ያን የጓደኛዬን ቤልት ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይለብሰው በቢላ ቆራርጬ ጣልኩት፤ ለሱ አዲስ ገዛሁለት።

እንደ ሰደርያ ትከሻ ላይ አድርጉት። ቀጥሎ የጭኑን እሰሩ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ስትወድቁ ሸክሙን በብዛት የሚይዘው ይህ ነው። ማሰሪያው ጭን ከቂጥ በሚገናኝበት ቦታ ይረፍ። የተዘረጋ መዳፍ በማሰሪያውና በጭናችሁ መሃል ይግባ፤ ጭብጥ ግን አይግባ። ከዚያ ቁጢጥ በሉ። ቀጥሎ ደረጃ እንደምትወጡ ጉልበታችሁን ወደ ደረት አንሱ። ከቆነጠጣችሁ ትንሽ አላሉት፤ ከተንሸራተተ አጥብቁት። ወንዶች፣ ነገሩን አፍራችሁ አትዝለሉት። ሱሪያችሁ ተጨማዶ ከማሰሪያው ሥር እንዳይገባ በእጃችሁ አስተካክሉ። በወፍራም ሱሪ የለካችሁትን በስስ ሱሪ ስትለብሱ እንደገና ለኩት።

የደረቱ ማሰሪያ የደረት መሃል ላይ ይሁን። ከፍ ካለ ስትወድቁ ጉሮሮ ይይዛል። ዝቅ ካለ ወይም ከላላ፣ በጭንቅላት የወደቀ ሰው በትከሻው በኩል ሊያመልጥ ይችላል። የጀርባው ቀለበት በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ይቀመጥ። ራሳችሁ ማየት ስለማትችሉ ጓደኛችሁ ይይላችሁ። ከሐይቅ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ አብራን ትሠራ ነበር፤ የሰጧት ላርጅ ስለነበር ቀለበቱ ወገቧ ላይ ወርዶ አገኘነው። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ልኳን እስክናመጣላት ያን ቀን መሬት ላይ ሠራች።

አሁን ተንጠልጠሉ። ከመሬት ብዙም ሳትርቁ፣ እግራችሁ ተመልሶ መርገጥ በሚችልበት ከፍታ ላይ፣ አጠገባችሁ ሰው ቆሞ። የገመዱን መንጠቆ ጠንካራ ብረት ላይ አስሩና ክብደታችሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አያስፈልግም። ሸክሙ ጭናችሁ ላይ ይሰማችሁ እንጂ ብሽሽት ወይም ብብት ላይ አይሁን። አንገታችሁን አዙሩ፣ ተንፍሱ። የሆነ ቦታ ከቆረቆራችሁ ወርዳችሁ አስተካክሉ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ተንጠልጥሎ መቆየት ራሱ ሊገድል ስለሚችል ነው። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲንጠለጠል ደም እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ልኩ ያልሆነ ቤልት ይህን ያባብሰዋል። ስለዚህ ማን እንደሚያወርዳችሁ፣ በየትኛው ገመድ እንደሚያወርዳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ተንጠልጥላችሁ ከቀራችሁ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፤ ታወሩ ቅርብ ከሆነ በእግራችሁ ግፉት። የእግር መርገጫ ማሰሪያ ያለው ቤልት ከሆነ አውጡና ቁሙበት።

ማታ ስትጨርሱ ላቡንና አቧራውን በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ቆርቆሮ ላይ አታስጡት፤ ጥላ ውስጥ ስቀሉት።