ድረ ገጼ «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይላል፤ ምን ላድርግ?

የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ልጅ ደወለችልኝ። «ሰው ማዘዣው ጋ ይደርስና ይመለሳል» አለች። ገጿን በስልኬ ከፈትኩት። ከአድራሻው ጎን ማስጠንቀቂያው ቁጭ ብሏል። በእሷም ስልክ ሁልጊዜ ይታያል፤ ልብ ብላው ግን አታውቅም።

ምክንያቱ፦ ገጹ የሚሠራው በኤችቲቲፒ ነው፤ አልተመሰጠረም። ክሮም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ገጽ ሁሉ ምልክት ያደርግበታል።

«እኔ እኮ በካርድ አልቀበልም» አለችኝ። ብዙ ሰው የሚለኝ ይህንን ነው፤ በጣምም ያሳስበኛል። ቅጿ ላይ ደንበኛዋ ስሟን፣ ስልኳንና የቤት አድራሻዋን ትሞላለች። ያ ሁሉ ሳይታሸግ በመንገደኛ እጅ እንደተላከ ደብዳቤ ነው የሚሄደው። የካፌውን ዋይፋይ የሚቆጣጠር ሰው ሊያነበው ይችላል። የባሰው ደግሞ መለወጥም መቻሉ ነው። ገጿ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥሯ ተጽፏል። መሃል ላይ ያለ ሰው ቁጥሩን በራሱ ሒሳብ ቢተካው ደንበኛዋ በምን ታውቃለች? ገጹ ያው ነው፣ ፎቶው ያው ነው። ብሩ ግን ሌላ ቤት ይገባል።

መፍትሄው፦ ገጹን በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረው ኤችቲቲፒ፣ የሚያሠራ ሰርተፊኬት ማስገባት። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል። ሲፓነል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ) ካላችሁ ኤስኤስኤል የሚለውን ክፍል ፈልጉ። የራሳችሁ ሰርቨር ከሆነ ሰርተፊኬቱን የሚያወጣና የሚያድስ ፕሮግራም፣ ሰርትቦትን፣ ጫኑ። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) ከነ ደብሊው ደብሊው ደብሊውም ያለ እሱም መካተቱን እዩ፤ አንዱ ከቀረ በዚያ በኩል የሚገባው ሰው ማስጠንቀቂያ ያገኛል።

ሰርተፊኬቱ ገብቶም አሮጌው የኤችቲቲፒ ገጽ ከተከፈተ፣ ወደ አዲሱ የሚመራ የለም ማለት ነው። ቋሚ ማዞሪያ፣ ማለትም 301፣ አድርጉ። ገጹ የተሠራው በወርድፕረስ ከሆነ በአጠቃላይ ቅንብሮች ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም አድራሻዎች ወደ ኤችቲቲፒኤስ ቀይሩ።

የልጅቷ ገጽ ከዚህም በኋላ አስቸገረን። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ይከፈታል፤ ብሮውዘሩ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነውም። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12ን ተጭነን ኮንሶሉን (ብሮውዘሩ ስህተቶችን የሚጽፍበትን ቦታ) ስናይ የቀሚሶቹ ፎቶዎች በአሮጌው አድራሻ እየተጠሩ ነው። ባክአፕ ወስደን ዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ሊንኮች ቀየርን፤ ችግሩ ጠፋ።

ሌላም አለ። ለወራት ደህና ሠርቶ አንድ ቀን ጠዋት ሙሉ ገጽ የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል። የሌትስ ኢንክሪፕት የተለመደው ሰርተፊኬት 90 ቀን ነው የሚቆየው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ወዲህ የማስታወሻ ኢሜይል አይልክም፤ ስለዚህ ኢሜይል አትጠብቁ። እድሳቱ በራሱ እንዲሄድ አድርጉ። ከቆመ መጀመሪያ ፋየርዎሉ (የሰርቨሩ መግቢያ ጠባቂ) ፖርት 80ን፣ ማለትም የኤችቲቲፒን በር፣ ዘግቶ እንደሆነ እዩ። ሰርቨር የቀየራችሁ ቀን ደግሞ እድሳቱ አብሮ መዛወሩን እዚያው አረጋግጡ።