በብርድ አገር ኮምፖስት ማብሰል፦ ከደብረ ብርሃን ጓሮ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ኮምፖስትን፣ ማለትም ከጭድ፣ ከአረምና ከእበት የሚበስለውን የብስባሽ ማዳበሪያ፣ ያዘገየዋል፤ ግን ይበስላል። የጓሮዬ ጎመንና ድንች የሚያድገው በእሱ ነው። ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው፤ ልጆቹ የካርቦንና የናይትሮጅንን ዑደት ከሰሌዳ ላይ ሲሸመድዱ አንጀቴን ይበሉታል። ነገሩ ጓሮ ውስጥ በእጅ የሚነካ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ነው።

ክምሩን የሚያበስሉት ባክቴሪያና ፈንገሶች ናቸው። ካርቦን ጉልበት ይሆናቸዋል፤ በናይትሮጅን ደግሞ ሰውነታቸውን ይሠራሉ። በባክቴሪያ አካል ውስጥ ለ1 እጅ ናይትሮጅን 8 እጅ ገደማ ካርቦን አለ። ከሚበሉት ካርቦን ግን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ለጉልበት ይቃጠልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ምግባቸው ውስጥ ለ1 ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 ካርቦን ቢኖር ይመቻቸዋል።

የገብስ ጭድ ብቻውን 80 ለ1 አካባቢ ነው። የላም እበትና እርጥብ አረም 20 ለ1 ገደማ ናቸው። ጭዱን ብቻ ቀብራችሁ ጎመን ብትተክሉ ጎመኑ ቢጫ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ጭዱን ለመብላት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ጎመኑ ጦሙን ያድራል።

እኔ የምለካው በባልዲ ነው። 3 ባልዲ ጭድ፣ 2 ባልዲ የተከተፈ እርጥብ አረምና የጓዳ ትራፊ፣ 1 ባልዲ እበት። የበግ በጠጥ ካለ እበቱን ይተካል። የባቄላ ገለባ ካገኛችሁ ከገብሱ አስቀድሙት፤ ናይትሮጅኑ ይበልጣል። የቡና አተላና የድንች ልጣጭ ይግባ። ሥጋና ቅባት ግን አይግባ፣ አይጥ ይጠራል።

እበት በእኛ ቤት የጋራ ሀብት ነው። እናቴ ለኩበት ትፈልገዋለች። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭሱ ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ይቀራሉ። ይህን ሳስረዳት «እንጀራውን በምን ልጋግረው ታዲያ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የበጋው እበት ለኩበት፣ የመስከረምና የጥቅምቱ ለክምሩ እንዲሆን ተስማማን። ያኔ እበቱም ቶሎ አይደርቅም፣ አረሙም ለምለም ነው።

ውሃ የማይተኛበት ጥላ ቦታ ምረጡ። ከታች ቅርንጫፍ አንጥፉ፣ አየር ያስገባል። ከዚያ ጭድ፣ አረም፣ በውሃ የተበጠበጠ እበት እያላችሁ ደርድሩ። በየመሃሉ የአምናውን ኮምፖስት እንደ እርሾ በተን በተን አድርጉ። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም ከ1 ሜትር አይነስ። በእኛ ብርድ ትንሽ ክምር ሙቀቱን አይዝም። ረጅም ዱላ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ከላይ በጆንያ ሸፍኑት።

እርጥበቱን በእፍኝ ፈትኑ። ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ በቂ ነው። ከቀናት በኋላ ዱላውን ነቅላችሁ ጫፉን ያዙት። ትኩስ መሆን አለበት። በደንብ የጋለ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ አብዛኛውን የአረም ዘርና የበሽታ ተህዋስ የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። 70 ካለፈ ሠራተኞቹም ይሞታሉና አገላብጡት።

ከሁሉ በላይ ግን አፍንጫችሁን እመኑ። ዓይን የሚቆጠቁጥ የሽንት ሽታ ካለ አሞኒያ ነው፤ የተረፈው ናይትሮጅን እየበነነ ነው። ጭድ ጨምሩና አገላብጡ። በዚህ ጊዜ አመድ አታስነኩት፣ አሞኒያውን ይብስ ያስወጣዋል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ በመንሽ ገልብጡት። ሽታም ሙቀትም ከሌለው ወይ ደርቋል ወይ ናይትሮጅን አንሶታል፤ በውሃ የቀጠነ የከብት ሽንት ያነቃዋል። ነጫጭ ክር መሰል ነገር ብታዩ አትደንግጡ። አክቲኖማይሲት የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ጠንካራውን ጭድ ይሰባብራሉ። ዝናብ የነካው አፈር ሽታም ከእነሱ ነው።

በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ ይበቃል። ሙቀቱ ሲወርድ ግን ለመጠቀም አትቸኩሉ። አሞኒየም የተባለውን የናይትሮጅን ዓይነት ተክል ወደሚመገበው ናይትሬት የሚቀይሩት እነ ናይትሮሶሞናስና ናይትሮባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሙቀት ስለማይወዱ ሥራ የሚጀምሩት ያኔ ነው። ቢያንስ አንድ ወር ይረፍ። እኛ ጋ ጠቅላላው አራት ወር ገደማ ይፈጃል። የበሰለውን ክምር ከዝናብ ከልሉት፤ ናይትሬት በውሃ ይታጠባል። ውሃ በተኛበት መረሬ ላይም አትበትኑት። አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይመልሱታል።

ባቄላ ለምትዘሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ባቄላ ግን ያለ ራይዞቢየም ባክቴሪያ ሊወስደው አይችልም። ሲያብብ አንድ ሁለቱን በአካፋ ቆፍራችሁ አውጡ። በእጅ ከተነቀለ ሥሩ ላይ ያሉት፣ ባክቴሪያው የሚኖርባቸው ትናንሽ እባጮች ይረግፋሉ። እባጩን በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ከነጣ ወይም እባጭ ከሌለ አፈሩ አሲዳማ ሊሆን ወይም ተስማሚው ባክቴሪያ ሊጠፋበት ይችላል። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ስለ ኖራና ሕያው ራይዞቢየም ስላለበት የባቄላ ባዮ ማዳበሪያ ጠይቁ። ባዮ ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር ጥላ ውስጥ አሹትና በዚያው ቀን ዝሩ፣ ፀሐይ ይገድለዋል። ሲደርስ ደግሞ በማጭድ እጨዱት፤ ሥሩ እዚያው ይቅርና በሚቀጥለው ዓመት ገብስ ዝሩበት።