ፎል ላይ እባብና እንቁራሪት እንዴት ነው የሚታየው

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ፎል ላይ ቀለሙን የሚቀይረውን ቅጠል ፎቶ ልታነሱ ስትወጡ መሬት መሬቱንም እዩ። እኔና ልጆቼ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ግሬት ፎልስ ፓርክ ጋ ካናሉን (የድሮውን የጀልባ ቦይ) ይዘን ስንሄድ ከሰመሩ ይልቅ እባብ የሚቀናን ኦክቶበር ላይ ነው፣ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቀን ቀን ፀሐይ ሊሞቁ ድንጋይ ላይና መንገድ ላይ ይወጣሉ። በማለዳ አትድከሙ፣ በሀበሻ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 እስከ 9 ሰዓት ነው ጥሩው፣ ቀስ እያላችሁ ፀሐይና ጥላ የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው መጀመሪያ እንጨቱ ሁሉ እባብ ይመስላችኋል፣ ዓይን እንደዛ ነው የሚለምደው።

ጥቁሩ ራት ስኔክና ቢጫ መስመር ያለው ጋርተር ስኔክ ለሰው አያሰጉም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ኮፐርሄድ ነው፣ የእፉኝት ወገን ነው፣ መልኩ ቁርጥ የደረቀ ቅጠል ስለሆነ ቅጠል ክምር ውስጥ እጅም እግርም አታስገቡ። ቡኒ ጥለቱ ጀርባው ላይ ጠበብ ብሎ ጎኑ ላይ ይሰፋል፣ ውሃ ዳር ያለው መርዝ የሌለው ዋተር ስኔክ ግን ጥለቱ የሚሰፋው ጀርባው ላይ ነው፣ ኮፐርሄድ መስሏቸው ሰዎች ሲገድሉት በጣም ያሳዝነኛል። የኮፐርሄድ ልጆች ሰመር መጨረሻ ላይ ስለሚወለዱ ፎል ላይ ትንንሾቹም አሉ፣ የጅራታቸው ጫፍ ቢጫ ነው፣ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትነኩ መርዙ አለ። ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፣ ከነደፈ 911 ደውሉ፣ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ማሰር የሚባል ነገር የለም።

እንቁራሪት ደግሞ ዝናብ ነው የሚወደው፣ ሞቅ ባለ ቀን ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ወደ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ። ስፕሪንግ ፒፐር የሚባለው ትንሽ እንቁራሪት ስሙ ስፕሪንግ ይሁን እንጂ ፎል ላይም ጫካ ውስጥ አንድ አንዱ ፒፕ ፒፕ ሲል ይሰማል፣ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ጀርባው ላይ የኤክስ (X) ምልክት አለው፣ ስትጠጉት ዝም ስለሚል ባላችሁበት ቆማችሁ እንደገና እስኪጀምር ጠብቁ። ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል ያለው ውድ ፍሮግ (wood frog፣ የጫካ እንቁራሪት) ካጋጠማችሁ ልጆቹን ጥሩና አሳዩአቸው፣ ዊንተሩን ቅጠል ስር በረዶ ሆኖ ልቡ ቆሞ ይከርምና ሲሞቅ ቀልጦ ይነሳል! ስለዚህ ግንድ ወይ ድንጋይ ካነሳችሁ እንደነበረ መልሱት፣ ቤቱ ነው። ቆዳው ሁሉን ነገር ስለሚመጥ ሎሽን ወይ የትንኝ መከላከያ በነካ እጅ አትንኩት፣ ፓርኩ ውስጥ መያዝም ክልክል ነው፣ ፎቶ ይበቃል።