ዳቦና ሩዝ ሲቀነስ ለሚመጣው ራስ ምታት

ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ቀንሳችሁ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ራሳችሁን ከፈለጣችሁ፣ ብድግ ስትሉም ካዞራችሁ፣ አመጋገቡን ለመተው አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ጨውና ውኃ ነው።

በ1 ሊትር ውኃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና 1 ሎሚ ጨምቁበት። ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የምንገዛት ትንሿ ሎሚ ትበቃለች። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያላችሁ ጠጡት። ስኳር አይገባበትም! የፍየል አጥንት መረቅ ካለ ደግሞ እሱ ይበልጣል፤ እኔ ማታ ማታ አንድ ሲኒ እጠጣለሁ።

ሰውነታችን ከካርቦሃይድሬት (ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ውስጥ በብዛት ካለው) ያጠራቀመው 1 ግራም ግላይኮጅን፣ ማለትም የተከማቸ ስኳር፣ ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል። እሱ ሲያልቅ ውኃውም ይወጣል። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ሲቀንስ ደግሞ ኩላሊት ጨውን በሽንት ያስወጣል። በዚህ ላይ የድሬ ሙቀት በላብ የሚወስደው አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው ፈጣን ቅናሽም በአብዛኛው ውኃ ነው፣ ስብ አይደለም።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን ጨው አትጨምሩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ካርቦሃይድሬት ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።